አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የዪዲሽ ቤት

ቴል አቪቭ፣ ታኻና መርካዚት፤ ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ። ሾፌር ነኝ። አውቶቡሴን የማስነሣው ከስድስተኛ ፎቅ ነው። ቡናዬን የምጠጣው አራተኛ ላይ ነው። አምስተኛውን ለዓመታት በኤስካሌተር ሽው ብዬ ነበር የማልፈው። አንድ ዝናባማ የጥር ቀን የሊፍት ቁልፍ ተሳስቼ ተጫንኩና አምስተኛ ላይ ወረድኩ። ከኮሪደሩ መጨረሻ የቫዮሊን ድምፅ ይሰማል። ሰርግ መስሎኝ ተከትዬው ሄድኩ። ሰርግ አልነበረም። መጽሐፍ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ።

ቦታው «ዩንግ ዪዲሽ» ይባላል። «ወጣት ዪዲሽ» እንደማለት ነው። ዪዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። እዚህ አገር ዪዲሽ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው አያቱ ስለሆኑ፣ ስሙን ሰምቶ ፈገግ የማይል የለም። ግማሹ ቤተ መጻሕፍት፣ ግማሹ ሙዚየም፣ ማታ ማታ ደግሞ የዘፈንና የትረካ ቤት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት አሉበት። የሰበሰባቸው ሜንዲ ካሃን የሚባል ተዋናይና ዘፋኝ ነው፤ የተወለደው ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ነው። ሥራውን በ1993 ኢየሩሳሌም ጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲሞቱ መጽሐፎቻቸው ይቀራሉ። ልጆቻቸው ማንበብ አይችሉም። ለመጣልም ይከብዳቸዋል፣ ለማስቀመጥም ቦታ የላቸውም። እሱ ተቀበላቸው።

ስለ ሕንፃው ሳልነግራችሁ ብትሄዱ ትጠፋላችሁ። ግንባታው በ1967 ተጀምሮ ያለቀው በ1993 ነው። 26 ዓመት! ንድፉን የሠራው ራም ካርሚ የሚባል የታወቀ አርክቴክት ነው። ሲከፈት በዓለም ትልቁ የአውቶቡስ ጣቢያ ይባል ነበር። ሰባት ፎቅ አለው፤ የታችኞቹ ተዘግተው የሌሊት ወፍ ሰፍሮባቸዋል። ቀልዴን አይደለም። እኔ በየቀኑ የምውልበት ሰው እንኳ አንዳንድ ጊዜ የማላውቀው ኮሪደር ውስጥ ራሴን አገኘዋለሁ። ስለዚህ ከሌቪንስኪ ጎዳና በኩል ግቡና ሰው ጠይቁ። ሁለተኛ ነገር፣ ጣቢያው «ይዘጋል፣ ይዘጋል» ሲባል ዓመታት አልፈዋል። ቤቱም በየቀኑ ከጧት እስከ ማታ የሚከፈት ሱቅ አይደለም። ደውላችሁ ሂዱ።

ከገባችሁ በኋላ የምታዩት ነገር በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ ቅርስ አይደለም። መደርደሪያው ሞልቶ የተረፈው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠረጴዛው የተረፈው ወለል ላይ ነው። አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል ወንበር፣ ትንሽ መድረክ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት። ሽታው የቆየ ወረቀት ሽታ ነው። ላይኛው ፎቅ አውቶቡስ ሲያልፍ ጣሪያው እንደ ማጉረምረም ይላል። ለሌላው ሰው ይረብሸው ይሆናል፤ እኔ ግን ድምፁን ሰምቼ የስንት ቁጥሩ መስመር እንደሆነ እገምታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሜ ስመለከት አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሡ። እንደኔው እንግዳ ናቸው፤ የቤቱ ሰው አይደሉም።

«ዕብራይስጥ ታነባለህ?» አሉኝ።

«አነባለሁ።»

«እንግዲያው ዪዲሽም ታነባለህ» ብለው አንድ ቀጭን መጽሐፍ እጄ ላይ አስቀመጡ።

ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ። በ1991፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ ስንመጣ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ መርካዝ ክሊታ፣ አዲስ መጤ የሚያርፍበት ማዕከል፣ ውስጥ የቆጠርኳቸው ፊደሎች ናቸው። ቃላቱን ግን አላውቃቸውም። ዕብራይስጥ አናባቢውን ስለማይጽፍ ቃሉን ቀድሞ ያላወቀ ሰው አያነበውም። ዪዲሽ ይጽፈዋል። ዓይን የምትባለው ፊደል «ኤ» ሆና ታገለግላለች። አሌፍ ከሥሯ ሰረዝ ሲገባላት «አ» ናት፤ ሰረዟ እግር ስታወጣ «ኦ» ትሆናለች። እግር ሲቀጠል ድምፅ የሚለወጥበት ፊደል ለኛ ምኑ ይገርመናል? በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ሳላደናቅፍ አነበብኩ።

«ገባህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ምንም!»

«አንብበኸዋል ግን» አሉና በሳቅ ፍርስ አሉ።

አንድ ቃል ላይ ብቻ አረሙኝ። «ሻባት» ብዬ ያነበብኩትን «ሻቤስ» በል አሉኝ። ዪዲሽ ግንዱ ጀርመንኛ ነው፤ ዕብራይስጥና የስላቭ ቋንቋዎች ገብተውበታል። ከዕብራይስጥ የመጡት ቃላት አጻጻፋቸው እንደ ጥንቱ ይቀራል፣ አነባበባቸው ግን ይለወጣል። «ኤሜት» ተብሎ ተጽፎ «ኤሜስ» ይነበባል፤ እውነት ማለት ነው። ከዚያ ሽማግሌው ሌላ መጽሐፍ አወጡ። ሞስኮ የታተመ ነው። እዚያ ላይ «ኤሜስ» የተጻፈው በአነባበቡ ነው። ሶቪየቶች የዕብራይስጡን የሃይማኖት ሽታ ለማጥፋት አጻጻፉን ለወጡት። ማተሚያ ቤታቸውም ስሙ «ዴር ኤሜስ» ነበር። እኛ ስለ ሃሌታው ሀ፣ ስለ ሐመሩ ሐና ስለ ብዙኃኑ ኀ ስንጨቃጨቅ ጭቅጭቁ በፊደል ብቻ የሚያበቃ ነው። በነሱ ዘንድ አንድ ሰው «እውነት»ን በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ አይተህ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ የማን ወገን እንደሆነ ታውቃለህ። አጻጻፉን መለወጥም አላዳናቸውም። ማተሚያ ቤቱ በ1948 ተዘጋ። ዴቪድ ቤርገልሰን የሚባለው ትልቅ ደራሲ ከሌሎች አሥራ ሁለት ሰዎች ጋር በስታሊን ትእዛዝ የተረሸነው ነሐሴ 12 ቀን 1952 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የተወለደውም በዚያው ቀን ነበር፤ 68 ዓመቱ።

ዪዲሽ ተናጋሪዎች ቋንቋቸውን «ማሜ ሎሽን» ይሉታል። የእናት ቋንቋ። የጸሎቱን ቋንቋ ደግሞ «ሎሽን ኮይዴሽ»፣ የቅድስና ቋንቋ። ይህን ሲነግሩኝ ትዝ ያሉኝ መንደራችን ውስጥ ኦሪቱን በግዕዝ የሚያነቡት ቄሳችን ናቸው። ጸሎት በግዕዝ፤ ስድብ፣ ፍቅርና የበግ ዋጋ በአማርኛ። ሥርዓቱ አንድ ነው። የማቆላመጫው ነገርማ ይገርማል። ዪዲሽ ስሙ መጨረሻ ላይ «ሌ» ይለጥፋል፦ «ማሜሌ»። እኛ «እማዬ» እንደምንለው ቁርጥ። ዛሬ ዕብራይስጥ ተናጋሪው ልጅ «ኢማሌ» ሲል ከየት እንዳመጣው አያውቅም።

እዚሁ ቴል አቪቭ ግን ዪዲሽ በአደባባይ የተሰደበበት ጊዜ ነበር። በ1920ዎቹ የዕብራይስጥ ጠባቂ ነን የሚሉ ወጣቶች «ኢቭሪ፣ ዳቤር ኢቭሪት!» የሚል መፈክር ይዘው ይዞሩ ነበር። «ዕብራዊ ነህና ዕብራይስጥ ተናገር» ነው ነገሩ። ስብሰባ ይበጠብጣሉ፣ መንገድ ላይ ሰው ይገሥጻሉ። መንግሥት ለዪዲሽ ባህል በሕግ ተቋም ያቆመው በ1996 ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ተናጋሪ አርጅቷል። ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ የኛ ሰው ይገባዋል። እኔንም በመጣን በሳምንቱ አንዲት ጸሐፊ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ለመጻፍ አስቸገራትና ሌላ ሰጠችኝ። አሁን በአማርኛ ስሜ የምትጠራኝ እማዬ ብቻ ናት።

ወደ መጽሐፎቹ ልመለስ። እዚያ ቤት ለሚሄድ ሰው አንድ ምክር አለኝ፦ በአጭር ልብወለድ ጀምሩ። ዪዲሽን ያገነነው እሱ ነው ባይ ነኝ። ረጅም ልብወለዱም ግጥሙም አለ፤ ግን አጭሩ የተጻፈው ለኔ ቢጤ ነው። ለጋዜጣ ነው የተጻፈው። ሰው ሠርቶ ሲመለስ፣ ወይም በሰንበት ቤተ ሰብ ሲሰበሰብ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ሊያነበው። ስለዚህ አረፍተ ነገሩ የአፍ ነው። ተራኪው ያስላል፣ ይረሳል፣ «የት ነበርኩ?» ይላል። ኦዴሳ ይታተም የነበረ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1864 የአብራሞቪችን፣ በብዕር ስሙ ሜንዴሌ ሞይኸር ስፎሪምን፣ የመጀመሪያ የዪዲሽ ትረካ አወጣ። «መጽሐፍ አዟሪው ሜንዴሌ» ማለት ነው። ያን ጊዜ የተማረ ሰው በዪዲሽ መጻፍ ያፍር ነበር። «ዣርጎን» ነበር የሚሉት፤ የተበላሸ አነጋገር።

ከነሱ ሁሉ የኔ ሰው ሾሌም አሌይኼም ነው። በ1859 አሁን ዩክሬን በሚባለው አገር ተወልዶ በ1916 ኒው ዮርክ ሞተ፤ ለቀብሩ ከ100 ሺህ የማያንስ ሰው ወጣ። ስሙ የብዕር ስም ነው። «ሰላም ለእናንተ ይሁን» የሚለው ሰላምታ ነው። ሰውዬው ገና ሽፋኑ ላይ እጅ ነሥቶ ነው የሚጀምረው!

የባቡር ታሪኮች የጻፋቸው አሉ። ተራኪው ነጋዴ ነው፤ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ እየተሳፈረ የሰማውን ይጽፋል። እዚያ ቤት ተቀምጬ መጀመሪያ የጨረስኩት «ባራኖቪች ጣቢያ» የሚለውን ነው፤ ዕብራይስጥ ትርጉሙን ከጎን ይዤ። የአርባ ደቂቃ ዕረፍት አለኝ፤ ታሪኩ ከዚያ አያልፍም።

ፉርጎው ሞልቷል። ሰዎቹ ወሬ ይዘዋል። ከካሚንኬ የመጣ አንድ ተሳፋሪ «እኔ የምነግራችሁ ይበልጣል» ብሎ ይጀምራል። አያቱ የነገሩት ነው፤ በሩሲያው ንጉሥ በቀዳማዊ ኒኮላይ ዘመን የሆነ። ኪቭኬ የሚባል መጠጥ ሻጭ ነበር። ስለ ሃይማኖት አፉን ከፍቶ ተከሰሰ። ግርፋት ተፈረደበት፤ በዚያ ዘመን ግርፋት ማለት ሞት ነው። የከተማው አይሁዶች ጨነቃቸው። የተራኪው አያት ዘዴ ፈጠሩ። ኪቭኬ እስር ቤት ውስጥ እንደሞተ ይወራል፣ ይገነዛል፣ ይሸኛል። «ሬሳው» ድንበር ተሻግሮ ብሮዲ ይገባል። ከተማው እፎይ ይላል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ተረት ነበር። ግን ከብሮዲ ደብዳቤ ይመጣል። ሟቹ ገንዘብ ይፈልጋል። ይላክለታል። ደግሞ ይጽፋል። ሊያገባ ነው። ይላክለታል። ሊነግድ ነው። ይላክለታል። በመጨረሻ ግልጹን ይናገራል፦ ካልላካችሁ ያደረጋችሁትን ለመንግሥት እነግራለሁ። ያዳኑት ሰው አንገታቸው ላይ ቢላ ሆነ።

ፉርጎው ጸጥ ብሏል። እኔም አምስተኛ ፎቅ ላይ ጸጥ ብያለሁ። ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ መሐል ባቡሩ ይቆማል። ባራኖቪች ጣቢያ። ተራኪው ሻንጣውን አንሥቶ ዘሎ ይወርዳል። ባቡር ሊቀይር ነው። «መጨረሻውስ? ኪቭኬ ምን ሆነ?» ብለው እጅጌውን ይይዙታል። «ምን መጨረሻ! ገና መጀመሪያው ነው» ብሏቸው ይሄዳል። የታሪኩ ጸሐፊ ባራኖቪች ጣቢያ ድብን ብሎ እንዲቃጠል ረግሞ ይዘጋል። በቃ።

መጽሐፉን ገልብጬ ገጽ የጎደለ መስሎኝ ፈለግኩ። አልጎደለም። ተናደድኩ። ከዚያ ከት ብዬ ሳቅኩ። እኔ እኮ በየቀኑ የማያቸው እነዚህን ሰዎች ነው። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች የአንድ ፍቺ ታሪክ ይዘው ይመጣሉ። ነገሩ ሲሞቅ ቁልፉን ተጭነው ይወርዳሉ። ሴትዮዋ ቤቱን ታግኝ አታግኝ ሳላውቅ በሩን እዘጋለሁ።

ሁለተኛው ያነበብኩት የፔሬጽ ነው። ኢ. ሌ. ፔሬጽ ዋርሶ የኖረ፣ በ1915 የሞተ ደራሲ ነው። «ቦንቼ ዝምተኛው» የሚለው ታሪኩ የወጣው በ1894 ነው። ቦንቼ ተሸካሚ ነው። ዕድሜ ልኩን ተገፋ፣ ተዘረፈ፣ ተደበደበ፤ አንድ ቀን ቃል አልተነፈሰም። ሲሞት ሰማይ ቤት በእምቢልታ ተቀበሉት። ከሳሹ እንኳ የሚከስበት ነገር አጣ። ዳኛው «እዚህ ያለው ሁሉ ያንተ ነው፤ የፈለግከውን ጠይቅ» አለው። ቦንቼ አመነታ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው በየጧቱ ትኩስ ዳቦ ከለጋ ቅቤ ጋር።» ዳኛውና መላእክቱ አንገታቸውን ደፉ። ከሳሹ ሳቀ።

ማታ ለእማዬ ተረኩላት። እማዬ 78 ዓመቷ ነው፤ ዕብራይስጧ ከገበያ አያልፍም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ቅቤው ለጋ ነው አልክ?»

«ለጋ ነው።»

«ጥሩ። ታዲያ ለብቻው ነው የለመነው?»

«ለብቻው።»

«ሞኝ» አለች። «ሁሉ ያንተ ነው ከተባለ ለተሸካሚው ሁሉ አይለምንም ነበር?»

ስለዚህ ታሪክ ብዙ ተጽፏል። ትሕትናን ያወድሳል የሚሉ አሉ፤ ዝምታን ይወቅሳል የሚሉ አሉ። የከሳሹ ሳቅ ለኔ ወደ ሁለተኛው ያደላል። የእማዬን ያህል ባጭሩ የቆረጠው ግን አላገኘሁም።

አይዛክ ባሼቪስ ሲንገርን አላነሣም፤ በ1978 ኖቤል የወሰደ ሰው የኔ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ይልቅ የንታ ማሽ የምትባለውን ደራሲ ፈልጉ። በ1922 ቤሳራቢያ፣ በዛሬዋ ሞልዶቫ፣ ተወለደች፣ በ1941 ሶቪየቶች ወደ ሳይቤሪያ አጋዟት፣ በ1977 እስራኤል ገብታ ሃይፋ ተቀመጠች። ማሳተም የጀመረችው እዚህ ከመጣች በኋላ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነበር። ስደትን፣ ሳይቤሪያንና በስተርጅና አዲስ አገር መግባትን ትጽፋለች። መርካዝ ክሊታን ያየ ሰው ሲያነባት ማብራሪያ አይፈልግም። ቴል አቪቭ ራሷም የዪዲሽ ሥነ ጽሑፍ መጽሔት ነበራት። ገጣሚው አቭሮም ሱትስኬቨር «ዲ ጎልዴኔ ኬይት» የሚባለውን፣ ማለትም «የወርቅ ሰንሰለት»ን፣ ከ1949 እስከ 1995 እዚህ ከተማ ውስጥ አዘጋጅቷል።

ቤቱ ሲዘጋስ ምን ይነበባል? እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት የዕብራይስጥ ትርጉም በኢንተርኔት ከአንድ ሻጭ መግዛቴ ነው። ስሙን አልጠራም። «እንደ አዲስ» ብሎ የጻፈው መጽሐፍ ሁለት ታሪክ ተገንጥሎለት መጣ፤ በቦታው የሰው የገበያ ዝርዝር ነበር። ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ባትሪ። ብሬን መልስ ስለው ዝም። በኋላ ነው የነቃሁት።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ አምኸርስት ውስጥ የዪዲሽ መጽሐፍ ማዕከል አለ። አሮን ላንስኪ የሚባል ሰው ገና ተማሪ እያለ በ1980 ያቋቋመው ነው። ያን ጊዜ አዋቂዎቹ በዓለም የቀረው የዪዲሽ መጽሐፍ 70 ሺህ ገደማ ነው ብለው ነበር። እነ ላንስኪ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰበሰቡ። ከ11 ሺህ በላይ የሚሆኑ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ አንሥተው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። በነጻ። መመዝገብ የለ፣ መክፈል የለ፤ ማውረድ ነው። ዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ በስቲቨን ስፒልበርግ ስም ነው የተሰየመው። ሾሌም አሌይኼምም፣ ፔሬጽም፣ ቤርገልሰንም እዚያው አሉ።

ለኔ የበለጠብኝ ግን የድምፅ ክፍሉ ነው። ሞንትሪያል ያለው የአይሁድ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተቀምጠው መጽሐፍ ጮክ ብለው አነበቡ፤ ተቀዳ። የስቱዲዮ ድምፅ አይደለም። ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማል። ትንፋሽ ሲያጥር ይሰማል። አንዷ አንባቢ የሚያስቅ ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ ሳቋን እየዋጠች መሆኑ ያስታውቃል። ቃሉ ከሦስት አንዱ ቢገባኝ ነው። ግን እማዬ ጓዳ ሆና ከጎረቤት ጋር ስታወራ የምሰማው ዓይነት ነገር አለው፤ ቃሉን ሳልይዝ ማን እንደተቀየመ አውቃለሁ። በሥራ ሰዓት አላዳምጥም፤ ተሳፋሪ አለኝ። ቤቴ ስሄድ ግን አንድ ጆሮ ላይ ሰክቼ እሄዳለሁ።

ልጄን አንድ ጊዜ ይዣት ሄድኩ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ሳናግራት በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ የሁላችንም ቤት ነው ይሄ። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ስልኳን አላስቀመጠችም። ኋላ ያን የ«ሻቤስ» ጨዋታ አሳየኋት። እያነበበች ሳይገባት መቅረቱ አናደዳት። «ኑ፣ ታኽሌስ ምን ይላል?» አለችኝ። «በል፣ ዋናው ነገር ምንድን ነው?» ማለቷ ነው። ያው ሁለቱም ቃላት የዪዲሽ አፍ የሠራቸው ናቸው፤ ነገርኳት። አላመነችኝም። ስልኳን አውጥታ አጣራች። ለአንድ ሰዓት ቆየን። በሷ ዕድሜ አንድ ሰዓት ብዙ ነው።

እንግዲህ ማን ይሂድ? የተስተካከለ መግለጫ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና የስጦታ ሱቅ የሚፈልግ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። አቧራ የሚያስነጥሰውም ይጠንቀቅ። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚችል ሰው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ገጽ አንብቦ ይወጣል፤ ይህን የሚሰጥ ሙዚየም አላውቅም። መጽሐፍ እንዳሻችሁ አትጎትቱ፤ ክምሩ አንዱ ባንዱ የቆመ ነው። ጠይቁ፣ ያወጡላችኋል። ሙዚቃ ወይም ንባብ ያለበትን ምሽት መርጣችሁ ብትሄዱ ደግሞ ባዶ ክፍል ከማየት ይሻላል። ከዚያ ወርዳችሁ ጣቢያው አጠገብ ኔቬ ሻአናን ጎዳና ላይ እንጀራችሁን ብሉ፤ ሽሮው የት እንደሚጥም የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ባለፈው የሄድኩት የንባብ ምሽት ነበር። ሃያ ሰው ያህል ነን። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴት መድረኩ ላይ ቁጭ ብለው በዪዲሽ ያነባሉ፤ አንድ ወጣት በየአንቀጹ ወደ ዕብራይስጥ ይመልሳል። ስለ አንዲት ዝይ የምታረባ ሴት ነው። ዝይዋ ታማለች፣ ባልየው መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ ሥራ አይሠራም፣ ሴትዮዋ አሥር ነገር በአንዴ ትናገራለች። ሰው ሁሉ ይስቃል። ከዚያ ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ልጆቿ፣ መናገር ጀመረች። ሳቁ ቆመ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። አራት ደቂቃ ቀርቶኛል። ጣሪያው አጉረመረመ፤ ከኔ በፊት የሚነሣው አውቶቡስ ነው።

ኮቴን አንሥቼ በጫፍ እግሬ ወጣሁ። አንድ ፎቅ ወጥቼ ሞተሩን አስነሣሁ። በዚያ ምሽት የነበራችሁ ካላችሁ፣ የሴትዮዋን ነገር መጨረሻውን ንገሩኝ።